ፍጥነት ሌላ፣ ሰዓት አክባሪነት ሌላ፦ በኮምፒዩተር ድምፅ ቀረጻ የመቆራረጥ ችግር ታሪክ

በኮምፒዩተር ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። ዘፋኙ ዘፈኑን ጀምሮ፣ ሙዚቀኞቹ ተቀናጅተው፣ ቀረጻው በመልካም ሁኔታ ሲካሄድ ቆይቶ ድንገት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወይም ከመካከል ለቅጽበት ያህል ድምፁ ጠፍቶ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም፤ ማይክሮፎኑም ደኅና ነው፤ ገመዱም አልተበጠሰም። ሥራው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የጠፋው ድምፅ ግን ተመልሶ አይገኝም። የሚቀረጸው ተራ ዘፈን ከሆነ እንደገና ሊዘፈን ይችላል፤ የአንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ድምፅ ወይም የአንድ የቅኔ መምህር ቃል ከሆነ ግን ያቺ ቅጽበት ዳግመኛ አትመጣም።

ችግሩ የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ኮምፒዩተሩ ቀርፋፋ ነውና በፈጣን ይለወጥ» የሚል ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ፈጣኑ ከመጣ በኋላም ያው ጠቅታ እንዳለ ሲገኝ ባለቤቱ ወይ ዕድሉን ያማርራል፤ ወይ ሻጩን ይወቅሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ፍርድ ውስጥ ያለውን ስሕተት ከታሪኩ ተነሥቶ ማሳየት ነው። ድምፅ የሚቆራረጠው ኮምፒዩተሩ በአማካይ ስለ ዘገየ አይደለም፤ በአንዲት የተወሰነች ቅጽበት ከቀጠሮው ስለ ቀረ ነው። ፍጥነትና ሰዓት አክባሪነት ሁለት የተለያዩ ጠባዮች መሆናቸውን መሐንዲሶች የተረዱት ከቴፕ ዘመን እስከ ዛሬ በተደረገ ረጅም ጉዞ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን።

የቴፕ ዘመን

መቆራረጥ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ ችግር አይደለም። በ1928 በጀርመን አገር ፍሪትስ ፕፍሎይመር የተባለ መሐንዲስ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ማግኔታዊ ዱቄት ቀብቶ ድምፅ የሚቀረጽበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። አኤጌ የተባለው ኩባንያም ይህንኑ አሻሽሎ በ1935 በበርሊን የራዲዮ ትርኢት ማግኔቶፎን የተባለውን መቅረጸ ድምፅ ለሕዝብ አሳየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃክ መሊን የተባለ አሜሪካዊ ሁለት ማግኔቶፎኖችን ወደ አገሩ ወስዶ በ1946 ለባለሙያዎች አሳየ፤ አምፔክስ ኩባንያም ከዚያ ተነሥቶ በ1948 ሞዴል 200 የተባለውን መሣሪያ አወጣ።

በዚህ ዓይነቱ መቅረጸ ድምፅ ላይ የማግኔቱ ቅብ በአንድ ሥፍራ ከሳሳ ወይም ከተላጠ፣ ወይም በቴፑና በማንበቢያው ራስ መካከል የአቧራ ቅንጣት ከገባ፣ ድምፁ ለቅጽበት ይደክማል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። ዛሬ በኮምፒዩተር ሠራተኞች አፍ የተለመደው «ድሮፕአውት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቴፕ ባለሙያዎች ዘንድ ይህንኑ ጉድለት ለማመልከት ሲያገለግል ኖሯል። የጉድለቱ መነሻ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። መድኃኒቱም እንዲሁ፤ ራሱን በአልኮል መጥረግ፣ ቴፑን ከአቧራ መጠበቅ፣ የተሻለ ቴፕ መግዛት ነው። የዚያ ዘመን መሣሪያ ግን በአንድ ነገር አይታማም፤ ከቀጠሮው ዘግይቶ አያውቅም። ቴፑን የሚነዳው ሞተር ራሱ ሰዓት ስለሆነና ድምፁ ተራ የሚጠብቅበት ሌላ ሥራ ስላልነበረ ነው።

የመዘግየት ጥያቄ ግን ያኔም በሌላ መልክ ተነሥቷል። በቴፕ መሣሪያ ላይ የማንበቢያው ራስ ከመቅረጫው ራስ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ፊት ይገኛል። ቴፑ በሰከንድ 38 ሳንቲሜትር የሚጓዝ፣ በሁለቱ ራሶች መካከል ያለውም ርቀት 5 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ የሰከንድ 13 መቶኛ ያህል ነው። ዘፋኙ ቀድሞ የተቀረጸውን ሙዚቃ ከማንበቢያው ራስ እየሰማ ድምፁን ቢጨምርበት፣ አዲሱ ድምፅ ከአሮጌው ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። የአምፔክስ መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ «ሰል-ሲንክ» ይባላል፤ ይኸውም የመቅረጫው ራስ ራሱ ቀድሞ የተቀረጹትን መሥመሮች ለጊዜው እንዲያነብ ማድረግ ነው። ይህ ዘዴ ያለበት ባለ 8 መሥመር መሣሪያ በ1957 ለጊታር ተጫዋቹ ለሌስ ፖል ደረሰ። አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው፣ መሐንዲሶቹ የሞተሩን ፍጥነት አለመጨመራቸውን ነው። ያደረጉት ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ማሳጠር ነበር። ይህ ብልሃት ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ያስፈልገናል።

ድምፅ ቁጥር ሲሆን

በ1937 በፓሪስ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ የድምፅን ሞገድ በየቅጽበቱ እየለኩ ልኩን በቁጥር መጻፍ እንደሚቻል አሰበ። የተለካው ሁሉ ናሙና ይባላል። ሐሳቡ ከዘመኑ መሣሪያ የቀደመ ስለነበረ በሥራ ላይ ለመዋል ብዙ ዓመታት ጠበቀ። በ1972 የጃፓኑ ዴኖን ባለ 8 መሥመር ዲጂታል መቅረጸ ድምፅ ሠርቶ ለሙዚቃ ቀረጻ አዋለ፤ ቁጥሮቹንም የሚያስቀምጠው በቴሌቪዥን ምስል መቅረጫ ቴፕ ላይ ነበር።

ከዚህ የቪዲዮ ቴፕ ዘመድነት ዛሬም የምንሠራበት አንድ ቁጥር ተወልዷል። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ የቴሌቪዥን ምስል፣ በእያንዳንዱ 245 መሥመር፣ በየመሥመሩም 3 ናሙና ቢቀመጥ ውጤቱ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይሆናል። በሰከንድ 50 ጊዜ በሚታደሰው በአውሮፓው ሥርዓትም 294 መሥመር ሲወሰድ ያው 44,100 ይመጣል። በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮምፓክት ዲስክ ይህንኑ ቁጥር ወረሰ።

ቁጥር ሲጠፋ ግን ጉዳቱ ከሞገድ ይብሳል። በቀድሞው ቴፕ ላይ አቧራ ድምፁን ቢያደክመው ነው፤ በዲጂታል ቀረጻ ግን አንድ ትልቅ ቁጥር ቢሳሳት ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይሆናል። ለዚህ መከላከያ የሆነው ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1960 ያሳተሙት የስሕተት ማረሚያ ዘዴ ነው። በኮምፓክት ዲስክ ላይ ቁጥሮቹ በተርታ አይጻፉም፤ ተበታትነው፣ ማረሚያ የሚሆን ትርፍ ቁጥርም ተጨምሮባቸው ይቀመጣሉ። እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያላስቀመጠ ገበሬ አንዱ ጎተራ ቢቃጠልበት ከሌላው እንደሚበላ፣ ዲስኩም 2 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ጭረት ወደ 4,000 የሚጠጉ ቢቶችን ቢያጠፋበት የጠፋውን ሙሉ በሙሉ መልሶ ያገኘዋል።

በዚህም የአቧራው ዘመን ድሮፕአውት ድል ተደረገ ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ድሉ ዋጋ ተከፍሎበታል። የተበታተነውን ለመሰብሰብ መጀመሪያ ማጠራቀም፣ ከዚያም መቁጠር ያስፈልጋል፤ ማጠራቀም ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ደኅንነት የተገዛው በመዘግየት ነው። ዲስክ የሚያዳምጥ ሰው ሙዚቃው በጥቂቱ ዘግይቶ ቢጀምርለት አይጎዳም። የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ለሚዘፍን ሰው ግን ይህ ውል አይስማማውም።

የብዙ ጌቶች አገልጋይ

ኮምፒዩተር ወደ ስቱዲዮ ሲገባ መጀመሪያ በጥንቃቄ ነበር። ዲጂዲዛይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1989 ሳውንድ ቱልስ፣ በ1991 ደግሞ ፕሮ ቱልስ የተባሉትን ሲያወጣ፣ የድምፁን ስሌት ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር አልተወለትም። ለዚህ ብቻ የተሠራ ፕሮሰሰር ያለበት ካርድ በውስጡ አስገባ። ካርዱ ከድምፅ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው ሰዓቱን ያከብር ነበር፤ ዋጋው ግን የብዙዎችን አቅም የሚፈታተን ነበር።

በ1996 ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኩቤዝ ቪኤስቲ በተባለው ፕሮግራም የማሚቶውንና የሌላውንም የድምፅ ማሳመሪያ ስሌት በኮምፒዩተሩ በራሱ ፕሮሰሰር ማሠራት ጀመረ። በ1997 ደግሞ በፕሮግራሙና በድምፅ ካርዱ መካከል አጭር መንገድ የሚከፍተውን አዚዮ የተባለ ደንብ አወጣ፤ ሌሎች አምራቾችም እንዲሠሩበት ፈቀደ። ከዚህ በኋላ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሙዚቀኛ በቤቱ ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ ሊያቋቁም ቻለ። በአገራችንም ዛሬ በጠባብ ክፍሎች የሚቀረጸው ዘፈንና መዝሙር የዚህ ለውጥ ፍሬ ነው።

ነገር ግን የኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር የብዙ ጌቶች አገልጋይ ነው። ድምፁን እያሰላ ሳለ የማውሱን ቀስት ያንቀሳቅሳል፤ የኔትዎርክ መልእክት ይቀበላል፤ ዲስኩን ያነብባል፤ የባትሪውን መጠን ይጠይቃል። ድምፁ በዚህ ሁሉ መካከል እንዳይቋረጥ የተበጀለት መላ በፈር ወይም ቋት የሚባለው ማጠራቀሚያ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለት እንስራ ያላትን ቤት እናስብ። ቤተሰቡ ከአንዱ እንስራ እየቀዳ ሲጠጣ ሌላው ወደ ምንጭ ይወርዳል። ውኃ ቀጂዋ የመጀመሪያው ከማለቁ በፊት ከተመለሰች ቤቱ ጥማትን አያውቅም። አንድ ቀን ግን በመንገድ ላይ ሰው ይዞ ቢያነጋግራትና ጥቂት ብትዘገይ፣ በሌላው ቀን ሁሉ እየሮጠች መመለሷ ለዚያ ቀን ጥማት አይጠቅምም። እንስራው ትልቅ ቢሆን ፋታ ታገኛለች፤ የሚጠጣው ውኃ ግን ቆይቶ የደረሰ ይሆናል። የድምፅ ካርዱም እንዲሁ አንዱን ቋት ሲያጫውት ፕሮሰሰሩ ሌላውን ይሞላል። ዘግይቶ ከደረሰ የሚጫወት ቁጥር የለምና ድምፁ ይቋረጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወሰድበት ቀረጻ፣ 64 ናሙና የሚይዝ ቋት ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠው ፋታ 1.33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ 256 ናሙና የሚይዝ 5.33፣ 1,024 የሚይዝ ደግሞ 21.33 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። ድምፅ ሲገባ አንድ ቋት፣ ሲወጣም አንድ ቋት ስለሚያልፍ መዘግየቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በ1,024 ናሙና ቋት የሚሠራ ክራር ተጫዋች፣ ክራሩን በደረቱ አቅፎ ድምፁን ግን ከ14 ሜትር በላይ ርቆ እንደቆመ ሰው ይሰማል። በዚህ ሁኔታ ምት መጠበቅ እጅግ ያስቸግራል። ቋቱ ሲያንስ ደግሞ የመቆራረጥ አደጋ ይበዛል። የዘመናችን የቀረጻ ባለሙያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይኖራል።

ቀጠሮ የማክበር ሳይንስ

ስለ ቀጠሮ የሚያጠናው ሳይንስ ሙዚቀኞች ኮምፒዩተር ከመያዛቸው በፊት የነበረ ነው። በ1973 ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ ፕሮሰሰር በየጊዜው የሚደጋገሙ ብዙ ሥራዎችን ሲሠራ ሁሉንም በቀጠሯቸው ማድረስ የሚችልበትን ሁኔታ በሒሳብ አረጋገጡ። ሥራዎቹ አንዱ ሌላውን የማይጠብቁ ሆነው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚመላለሰው ሥራ ቋሚ ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ጠቅላላው ሥራ ከፕሮሰሰሩ አቅም 69 በመቶ ያህል እስካልበለጠ ድረስ ሥራዎቹ ቢበዙም ቀጠሮ እንደማይተላለፍ አሳዩ። ከዚህ የምንረዳው፣ ተራ አስከባሪው በሚገባ ከሠራ መካከለኛ ኮምፒዩተርም ሰዓት ሊያከብር እንደሚችል ነው። ተራ አስከባሪው ካልሠራ ግን ባዶ የሆነ ፕሮሰሰርም ሊያረፍድ ይችላል።

ቅድሚያ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃም ቆይቶ ታወቀ። አንድ ሚኒስትር ደብዳቤ ሊያወጡ ማኅተም ፈለጉ እንበል። ማኅተሙን የያዘው ተላላኪ ነው፤ ተላላኪውን ደግሞ መካከለኛ ሹማምንት በየተራ ሥራ ያዙታል። ሹማምንቱ ከሚኒስትሩ በታች ናቸው፤ ይሁንና ሚኒስትሩ ተቀምጠው እነርሱን ይጠብቃሉ። ይህ የቅድሚያ መገልበጥ የሚባል ጉድለት ነው፤ ላምፕሰንና ሬዴል በ1980 በጽሑፍ ገልጸውታል። ሻ፣ ራጅኩማርና ሌሆትስኪ ደግሞ በ1990 መድኃኒቱን በሒሳብ መርምረው አቀረቡ፤ ተላላኪው ማኅተሙን እስከያዘ ድረስ የሚኒስትሩን ማዕረግ ይወርሳል፤ ማንም ሌላ ሥራ ሊያዘው አይችልም።

ይህ ነገር የወረቀት ጨዋታ አለመሆኑ በ1997 በማርስ ላይ ታየ። ሐምሌ 4 ቀን ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለች መንኮራኩር ሥራ ከጀመረች በኋላ ኮምፒዩተሯ በየጊዜው ራሱን እያጠፋ እንደገና ይነሣ ጀመር። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው አምሳያዋ ችግሩን ደግመው ባስነሡት ጊዜ ምክንያቱ ተገለጠ። የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ የጋራውን ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ሥራዎች ያቋርጡታል፤ ቁልፉን የሚፈልገው ከፍተኛ ሥራ ከቀጠሮው ይቀራል፤ ተቆጣጣሪውም ሥርዓቱ ሞቷል ብሎ ያስነሣዋል። የተደረገው ጥገና ያንን የማዕረግ ውርስ ማብራት ብቻ ነበር። ፈጣን ፕሮሰሰር ወደ ማርስ አልተላከም። የድምፅ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ከዚሁ ዕውቀት አንድ ደንብ አበጅተዋል፦ ቋቱን የሚሞላው ሥራ ሌላው የያዘውን ቁልፍ አይጠብቅ፤ ዲስክ አያንኳኳ፤ አዲስ የማስታወሻ ሥፍራም አይጠይቅ።

ለመለካት የተነሡ ሰዎች

በ2000 በሊነክስ ላይ የድምፅ ፕሮግራም ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ለሊነስ ቶርቫልድስ የጋራ ደብዳቤ ጽፈው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ ይዞ ባለመልቀቁ መቸገራቸውን አስታወቁ። የእነዚህ ሰዎች ብርታት በልመናቸው ላይ አልነበረም፤ በመለኪያቸው ላይ ነበር። ስለ አማካዩ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የከፋው መዘግየት ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነና በየትኛው የፕሮግራሙ ክፍል እንደተፈጠረ ለዩ። ኢንጎ ሞልናር፣ አንድሩ ሞርተንና ሮበርት ላቭ የተባሉ ባለሙያዎች በየበኩላቸው ማሻሻያ ሠሩ፤ የላቭ ሥራ በ2002 ወደ ዋናው ምንጭ ገባ። ፖል ዴቪስ ደግሞ ጃክ የተባለውንና ብዙ የድምፅ ፕሮግራሞችን በአንድ ምት የሚያስኬደውን ሥርዓት አቆመ። ቀጠሮን በጥብቅ የሚያስከብረው ማሻሻያ ተጠናቆ ወደ ዋናው ሊነክስ የተቀላቀለው ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ በ2024 ነው። ድምፅ ቀራጮች ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎቹ መካከል ነበሩ፤ ዛሬ ግን የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችም ያገለግሉበታል።

በዊንዶውስም በኩል ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ለድምፅና ለምስል ሥራ ቅድሚያ የሚሰጥ አገልግሎት ነበረው። የኔትዎርክ መልእክት መቀበል ግን ከማንኛውም ፕሮግራም በፊት የሚስተናገድ ስለሆነ ቅድሚያው አልረዳም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ድምፅ በሚጫወትበት ጊዜ የኔትዎርኩ መልእክት በሰከንድ ከ10,000 እንዳይበልጥ ወሰኑ። ፈጣን ኔትዎርክ ያላቸው ሰዎች ሙዚቃ ሲከፍቱ የፋይል ዝውውራቸው መዘግየቱን አስተውለው ቅሬታ አሰሙ፤ ምስጢሩም በዚያው ዓመት ተገለጠ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የዝምታው ጉድለት ነው። በፔንቲየም 4 ዘመን አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ሙዚቃው ሲጋል ደኅና እየሠሩ፣ ሙዚቃው ሲያበቃና ማሚቶው እየከሰመ ሲሄድ ይጨናነቁና ይቆራረጡ ነበር። ምክንያቱ የማሚቶው ቁጥር ወደ ዜሮ እየቀረበ እጅግ ኢምንት ሲሆን ነው። በ1985 የወጣው የስሌት ደንብ እነዚህን ኢምንት ቁጥሮች በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዙ ያዝዛል፤ ፕሮሰሰሩም ለእያንዳንዳቸው ከተለመደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅ ነበር። መድኃኒቱ ኢምንቱን ቁጥር ዜሮ አድርጎ እንዲቆጥር ፕሮሰሰሩን ማዘዝ ሆነ። ሥራ በቀነሰ ጊዜ ድካም መጨመሩ፣ «ጭነቱ በዝቶበት ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያስት ያሳያል።

ጥፋቱን መፈለግ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የፍለጋ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ቋቱን ወደ 1,024 ናሙና ከፍ አድርጎ ማዳመጥ ይገባል። መቆራረጡ ከቀረ ችግሩ የቀጠሮ ነው፤ ካልቀረ ግን ሰዓትን፣ ገመድን ወይም የኤሌክትሪክ ምንጭን መጠርጠር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጠቅታው የሚመጣበትን ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል። በእኩል ልዩነት የሚደጋገም ጠቅታ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰዓቶች አለመስማማት ነው። እያንዳንዱ ዲጂታል መሣሪያ የራሱ ክሪስታል አለው፤ ሁለቱ ክሪስታሎች ከሚሊዮን 20 እጅ ቢለያዩ፣ በ48,000 ናሙና ላይ በየሰከንዱ አንድ ናሙና ያህል ይተላለፋሉ። ልዩነቱ በ256 ናሙና ቋት ውስጥ ቢጠራቀም ከ4 ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ቋቱ ይሞላል ወይም ይነጥፋል። መፍትሔው አንደኛውን መሣሪያ ጌታ፣ ሌላውን ተከታይ አድርጎ በአንድ ሰዓት ማስኬድ ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም ፈጣን ፕሮሰሰር አያድነውም።

ሦስተኛ፣ ጠቅታው በዘፈቀደ የሚመጣ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ይዞ የማይለቀውን መፈለግ ነው። የገመድ አልባ ኔትዎርኩን መዝጋት፣ ኃይል ለመቆጠብ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያወርደውን ሥርዓት ማጥፋት፣ የድምፅ ካርዱን ከሌሎች ዕቃዎች ለይቶ በራሱ የዩኤስቢ ወደብ መሰካት፣ ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ይሞከራል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። በዊንዶውስ ላይ ላተንሲሞን የተባለው መለኪያ ፕሮሰሰሩን ከሁሉ ረዥም ጊዜ የያዘውን ድራይቨር በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የተሰወረ አንድ ነገር አለ፤ በ1990 ኢንቴል 386ኤስኤል በተባለው ፕሮሰሰር የጀመረው የሥርዓት አስተዳደር ጥሪ ነው። ጥሪው ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ቋሚ ፕሮግራም ይታዘዛል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳያውቅም ይመለሳል። የዚህ መድኃኒት የማዘርቦርዱን ቋሚ ፕሮግራም ማደስ ወይም ማዘርቦርዱን መለወጥ ነው።

አራተኛ፣ መለኪያው አማካዩን ሳይሆን የከፋውን ያንብብ። ሙከራውም ቢያንስ ቀረጻው የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ይቆይ። ለ10 ደቂቃ ያልተቆራረጠ ሥርዓት ለ2 ሰዓት ቀረጻ ዋስ ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻም፣ ሁልጊዜ ትንሽ ቋት አስፈላጊ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ብዙ የድምፅ ካርዶች የዘፋኙን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳይወስዱ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው የሚመልሱበት መንገድ አላቸው። ይህን የተጠቀመ ሰው ቋቱን ሰፊ አድርጎ ያለ ሥጋት ሊቀርጽ ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የሰል-ሲንክ ብልሃት ይኸው ነው፤ ከመሮጥ ይልቅ መንገድ ማሳጠር።

መደምደሚያ

ለመሐንዲስ ይህ ታሪክ ከሙዚቃ ያለፈ ትርጉም አለው። ማንኛውም መሣሪያ ሲገዛ የሚቀርበው ወረቀት ስለ ፍጥነቱና ስለ አማካይ ብቃቱ ይናገራል። የሕክምና መሣሪያ፣ የባቡር ምልክት ወይም የኃይል ማመንጫ መቆጣጠሪያ የሚመረጥበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በከፋው ሰዓት፣ ከሁሉ ቢበዛ፣ ስንት ሚሊሰከንድ ይዘገያል? ይህን ያልጠየቀ ገዢ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚሮጥ ነገር ግን ቀጠሮ የማያከብር አገልጋይ ሊገዛ ይችላል። በድምፅ ቀረጻ የሚጠፋው አንድ ቃል ነው፤ በሌላው ሥፍራ የሚጠፋው ከዚህ ይከብዳል።

ለአገራችን ደግሞ ነገሩ የኢኮኖሚም ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ፈጣን ዕቃ በውድ ይገዛል፤ መለካት፣ መመዝገብና አንድ በአንድ መፈተን ግን የሚጠይቁት ትዕግሥትና ዕውቀት ብቻ ነው። በሚገባ የተፈተነ መካከለኛ ኮምፒዩተር፣ ያልተፈተነውን ፈጣን ሊበልጠው እንደሚችል ታሪኩ ደጋግሞ አስመስክሯል። የአረጋውያንን ድምፅ ለትውልድ ለማቆየት የሚደክም ባለሙያ ማይክሮፎኑን ከመክፈቱ በፊት የመሣሪያውን የከፋ መዘግየት ለክቶ ይወቅ። ከቀረጻው በፊት የምትወጣ አንዲት የሙከራ ሰዓት፣ ከቀረጻው በኋላ በምንም ገንዘብ የማይገኘውን ታድናለች።